ስምንት ጎን ያለው ቤተ ክርስቲያንና የእኔ ሽማግሌ

ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ብዙ ነገር ያስባሉ። ስለ ዝናብ ያስባሉ፣ ስለ ነፋስ ያስባሉ፣ ስለ ሌባም ያስባሉ። ስለ ቀጠሮ ያሰበ ግንበኛ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሁለት ሰዎች «እዚህ ሕንፃ ጋ እንገናኝ» ቢባባሉ ይገናኙ ይሆን ወይስ ሳይገናኙ ይመሽባቸዋል? ይህን ማንም መሐንዲስ ራሱን አይጠይቅም። ቢጠይቅ ኖሮ ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የቆመው ቤተ ክርስቲያን እንደ ብዙው ሕንፃ አራት ማዕዘን ይሆን ነበር፤ እኔም ሽማግሌ የላክሁበትን ቀን እንደ ሰው በደስታ አስታውሰው ነበር።

ላላየው ሰው ልንገር። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ጎን ነው። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ወይ ክብ ነው ወይ አራት ማዕዘን፤ ሁለቱንም ለምደናቸዋል። ስምንት ጎን ግን ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ክብ ልሁን ብሎ ተነሥቶ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ሕንፃ ነው። ክብ የለመደ ካህንና ማዕዘን የለመደ ፈረንጅ ግንበኛ ሲከራከሩ ውለው ማምሻውን መሐል ላይ የተስማሙ ይመስለኛል፤ አላየሁም፣ ግምት ነው። ግንበኛው ፈረንጅ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የየት አገር ፈረንጅ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን እያንዳንዱ የወደደውን አገር ይሰጠዋል። ውስጡ እንደማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው፤ በውስጡ በኩል ቅሬታ የለኝም። ችግሩ የውጩ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ የሚያይ ሰው ከስምንቱ ጎን ሦስቱን ቢያይ ነው። በቀሩት ጎኖች በኩል ዝሆን ቢቆም አያውቅም።

ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን ማለት ነው፣ እዚያው ሐረር የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ስምንት ጎን ቅርፅ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምር ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቀጠሮውን እዚያ ያደርጋል ወይ? ያደርጋል። ሰው ፍቅር ሲይዘው መጀመሪያ የሚለቀው ሒሳብ ነው።

ጽጌን የወደድኳት በድምጿ ነው። የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ለትምህርት ቤታችን ጉዳይ አዲስ አበባ በደወልኩ ቁጥር «ይጠብቁ» የምትለኝ እሷ ነበረች፤ እኔም መስመሩ ሳይገኝ እንዲቀር እየተመኘሁ እጠብቅ ነበር። በኋላ ተዋወቅን፣ ተግባባን፣ ተስማማን። የቀሩት አባቷ ብቻ ነበሩ።

አባቷ አቶ በየነ ሁለት ዓይነት ሰው አይወዱም፤ ሰዓት የማያከብርና ቤተ ክርስቲያን የማይሳለም። የእጅ ሰዓታቸውን ጠዋት ጠዋት ከሬዲዮው ጋር ያስተካክላሉ። ከእኔ በፊት ጽጌን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ጥቂት ዘግይተው ስለደረሱ ከቤታቸው ደረጃ ላይ መልሰዋቸዋል፤ ሰዓት ያላከበረ ልጄን አያከብርም ብለው። ስለ እኔ ደግሞ ቀድመው ሰምተው ኖሮ፣ «ያ አስተማሪ? እሑድ እሑድ ኳስ ሜዳ ነው የማየው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲስም አላየሁትም» ብለዋል አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በዓል ሲሆን ነበር፣ እሱም ሰው ሲጠራኝ።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ሁለት ሰው አገኘሁ። አንደኛው ግራዝማች ታፈሰ ናቸው፤ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የሚኖሩ፣ የአባቴ የጥንት ወዳጅ፣ የድሮ ወታደር። ዱላ ይይዛሉ፤ የሚይዙት ግን ሊመረኮዙት ሳይሆን ሰው ሊያዙበት ነው። ሁለተኛው ጀጎል ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ ሐጂ ዩስፍ ናቸው፤ የከተማዋ ተወላጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ። ክርስቲያን ለማጋባት ሐጂ ይላካል ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። ሐረር ነው፤ ይላካል። እንዲያውም እኔ ሳልለምናቸው ነው፣ «አቦ ሙዓሊም፣ ምን ታስባለህ? እኔ እሄድልሃለሁ! ወላሂ፣ አቶ በየነ የመስኮታቸውን መጋረጃ ከእኔ ሱቅ ነው የገዙት» ያሉኝ፤ ሙዓሊም የሚሉት አስተማሪ ለማለት ነው። ሦስተኛ ሽማግሌም ነበረኝ፤ ከከተማው ውጭ ድሬ ጠያራ ዘመድ ሞቶበት ሄዶ ቀረ።

ቀጠሮው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሐጂ ቤቱን ስለሚያውቁ በቀጥታ ይሄዳሉ። ግራዝማች ስለማያውቁት እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አግኝቻቸው እስከ ደረጃው ሥር አድርሼ እሰወራለሁ፤ ሽማግሌ የላከ ልጅ በዚያ ሰዓት መታየት የለበትምና። የነገሩ ከፋች ግራዝማች ናቸው። እሳቸው ሳይደርሱ ሐጂ አፋቸውን መክፈት አይችሉም፤ ደንቡ ነው። የአቶ በየነ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ከአንድ ህንዳዊ ነጋዴ የተከራዩት ፎቅ ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ?

ለዚያ ቀን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥቁር ጫማ ተውሼ ነበር። ጫማው ያምራል፤ ያጠፋው ነገር ቢኖር ከእግሬ ማነሱ ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ ግቢው ውስጥ ገባሁ። ግራዝማች የሉም። ጥቂት ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ምናልባት በወዲያኛው በኩል ቆመው እንደሆነስ ብዬ መዞር ጀመርኩ። ይህች «እንደሆነስ» ናት ጉድ የሠራችኝ።

ግራዝማች መጥተው ነበር። ከእኔ ቀድመው ነበር የመጡት። እኔን ሲያጡ እሳቸውም «ምናልባት በወዲያኛው በኩል» ብለው መዞር ጀምረው ነበር። ሁለት ሰው ስምንት ጎን ሕንፃ ዙሪያ በአንድ አቅጣጫ ቢዞር ምን እንደሚሆን ተማሪዎቼን ብጠይቃቸው ኖሮ በደቂቃ ይነግሩኝ ነበር። እሳቸው እያንዳንዱ ጎን ላይ ቆመው ግድግዳውን ይሳለማሉ፣ ይጸልያሉ፤ ሲጨርሱ እንደ ሰልፈኛ ይገሰግሳሉ። እኔ አልቆምም፣ ግን በጫማው ምክንያት አነክሳለሁ። አንዱ በሌላው ተካክሶ እሳቸው ሁልጊዜ ከወዲያ፣ እኔ ሁልጊዜ ከወዲህ ሆንን። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ነጭ ለብሷል። ከኋላ የማየው ሽማግሌ ሁሉ ግራዝማች ይመስለኛል፤ እየተንገዳገድኩ ደርሼ ፊቱን ሳይ ሌላ ሰው ነው። ሰውየው ግራ ሲገባው እጅ ነሥቼ እመለሳለሁ።

ለምን ተመልሶ በተቃራኒው አልዞረም የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አንባቢ ሁልጊዜ ብልህ ነው፤ እቤቱ ተቀምጦ ነዋ! ዞርኩ እንጂ። ገና ፊቴን ወደ ኋላ ስመልስ ግን በሩ አጠገብ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ ወለተ ማርያም ይባላሉ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ብድግ አሉና ግቢው እስኪሰማ፣ «አንተ ልጅ! ወዴት ነው ወደ ኋላ? ቤተ ክርስቲያን በግልባጭ ይዞራል እንዴ? እግዚኦ!» አሉ። ይህ ደንብ በመጽሐፍ ይኑር አይኑር አላውቅም። በእማሆይ ዘንድ ግን አለ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። የአቶ በየነ መስኮት እዚያው ፊት ለፊት ነው። በዚያ ሰዓት ከእማሆይ ጋር የምከራከርበት ወኔ ከየት ይመጣል? እጅ ነሥቼ በደንቡ ወገን መዞሬን ቀጠልኩ።

ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አልቆጠርኩም። ሰዓቱ ግን አለፈ፤ ካለፈም ቆየ። ጽጌ በዚያ ፎቅ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ደረጃው ላይ የግራዝማችን ኮቴ ስትጠብቅ ታየችኝ። አባቷ ሰዓታቸውን ሲያዩም ታዩኝ። በሕይወቴ አንድ ነገር ከልቤ ፈልጌ፣ እሱም በአንድ ሽማግሌ መጥፋት ምክንያት ሊቀር ነው ብዬ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማውን ፈታሁት። ማልቀስ እንኳ ቃጥቶኝ ነበር፤ እማሆይ እያዩኝ ስለነበር ተውኩት።

አሁን ወደ ፎቁ እንውጣ። እዚያ የሆነውን በኋላ ከሐጂ ነው የሰማሁት።

ሐጂ በሰዓታቸው ደርሰዋል። ገብተው፣ ሰላም ብለው ተቀምጠዋል። ከዚያስ? የመጡበትን ጉዳይ መናገር አይችሉም፤ ከፋቹ አልመጡም። አቶ በየነ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ጸጥታው ሲከብዳቸው ሐጂ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና፣ ያው የሸጡት መጋረጃ ነው፣ ገለጥ አድርገው ቤተ ክርስቲያኑን እያዩ፣ «ያ ረቢ! ይሄ ቦታ ስንቱን አየ!» አሉ። ጊዜ ለማግኘት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። አቶ በየነ ደግሞ ይህን ቤተ ክርስቲያን የነካ ወሬ ሰምተው ዝም አይሉም፤ ተነሥተው መጡ።

ሐጂ ያወሩት ከአባታቸው የሰሙትን ነው። ግብጾች ከተማዋን በያዙበት ዘመን እዚያ ቦታ ላይ መስጊድ ተሠርቶ እንደነበረ፣ አባታቸው በልጅነታቸው እዚያ እንደሰገዱ፣ የሸዋው ንጉሥ ከገቡ በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ። አቶ በየነ በበኩላቸው ከዚያ ወዲህ ያለውን አወሩ፤ ስለ ግንበኛው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ጣራው ስንት ሰው እንዳደከመ። አቶ በየነ ታሪኩን ከመሠረቱ ድንጋይ ይጀምራሉ፤ ሐጂ ደግሞ ድንጋዩ ከመጣሉ በፊት ካለው ይጀምራሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚለያዩት ከየት እንደሚጀመር ላይ ነው። ሐጂ፣ «እንግዲህ አላህ የሚያውቀውን እኛ አንጨርሰውም» አሉ፤ አቶ በየነም፣ «ልክ ነው፤ ብቻ ግንቡን ጥሩ አድርገው ሠርተውታል» አሉ። ሐረር ውስጥ የብዙ ክርክር መጨረሻው እንዲህ ነው።

በዚህ መሐል ነው አቶ በየነ እኛን ያዩን። ከመስኮቱ የሚታየው ሦስት ጎን ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ብቅ አሉ፣ ግድግዳውን ተሳለሙ፣ ጸለዩ፣ ታጥፈው ጠፉ። ቀጥሎ እኔ ብቅ አልኩ፤ አንገቴን ደፍቼ፣ እያነከስኩ፣ ታጥፌ ጠፋሁ። ደግሞ ሽማግሌው። ደግሞ እኔ። አቶ በየነ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ። «ሐጂ፣ ያ አስተማሪው አይደለም? እኚህስ ሽማግሌ የሚመጡት ሰው አይደሉም? ምን እያደረጉ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሐጂ ነገሩ ገና ሲያዩት ገብቷቸዋል፤ ሁለታችንንም ያውቁናል። ግን ምን ይበሉ? ተፈላልገው አጡ ቢሉ ጉዳዩ አለቀለት። ሌላ ምክንያት እንዳይፈጥሩ ሐጂ ናቸው፣ አይዋሹም። ስለዚህ፣ «ወላሂ አቶ በየነ፣ የእናንተን ሃይማኖት ሥርዓት እኔ ምኑን አውቄ?» አሉ። ከዚህ የበለጠ እውነት የለም።

አቶ በየነ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አነሱ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «ሽማግሌውን ወደ ሰው ከመላኩ በፊት መጀመሪያ ወደ ፈጣሪው ይዞ ሄደ ማለት ነው» አሉ። ሐጂ፣ «ማሻ አላህ» ብለው ተቀመጡ።

ታች ደግሞ እኔ ድንጋዬ ላይ ነኝ። በመጨረሻ ያዳኑኝ እነዚያው እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው። ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ መጥተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «እንዴ! ከፊት ከፊትህ ሲዞሩ የዋሉት አባት? ተከትለሃቸው የምትሳለም መስሎኝ ነው እኮ ዝም ያልኩት! ያውልህ፣ በወዲያ በኩል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ ወስዷቸዋል» አሉኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። በደንቡ ወገን ነው የሮጥኩት።

ግራዝማች ሲነቁ የተናገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ከግቢው እስከ ደረጃው ሥር ድረስ ዱላቸውን እያወዛወዙ፣ ሠርጉ ቀርቶ ቀብሬን እንደሚያዩ ሲነግሩኝ ነበር። ደረጃውን ወጡ። እኔ ከአንድ ሱቅ ጥግ ተሸሽጌ፣ ወዲያው ተባረው ሲወርዱ ለማየት ጠበቅሁ።

አልወረዱም። ግራዝማች ሲገቡ ለይቅርታ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ አቶ በየነ ብድግ ብለው፣ «ምንም አይናገሩ፤ የት እንደቆዩ ከዚህ መስኮት አይቻለሁ። ከፈጣሪው ጋር ያለ ሰው ዘገየ አይባልም» ብለው አስቀመጧቸው። ግራዝማች አንድ ጊዜ ሐጂን አዩ። ሐጂ ጣራውን ያያሉ። ግራዝማች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ይመስገን» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጠፍተው መዋላቸውን የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ጽጌ ተሰጠችኝ።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር ሞክሬ ነበር። ገና የመጀመሪያ ቀን አማቼ ፊት ስቀርብ፣ እንዲህ ሆኖ ነው እንጂ እኔ እንኳ ለጸሎት አልነበረም አልኩ። አማቼ ፈገግ ብለው በእጃቸው አስቆሙኝና፣ «ትሕትናም አለው» አሉ። ከዚያ፣ «እንግዲህ እሑድ እሑድ አብረን እንሳለማለን» አሉ። እሑድ ማለዳ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ለብሰው ተዘጋጅተው ከፈቱ። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ስምንቱንም ጎን ዞርን። በሚቀጥለውም እሑድ። ዝናብም ሆነ ብርድ፣ ልጆች ወለድንም፣ አማቼ ጡረታ ወጡም፣ እሑድ ማለዳ እኔ አንኳኳለሁ፣ እሳቸው ይከፍታሉ። ኳስ ሜዳ ምን እንደሚመስል ረሳሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ እሑድ ዞረን ስንጨርስ አማቼ ደከማቸውና ያችው የእኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ሲያሹ አየሁ። ከዚህ ሰው ጋር ሐሰት ይዤ አልቀበርም አልኩና፣ የዚያን ቀን ነገር እንደገና፣ ከጫማው ጀምሬ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ሳቁ። «መች አጣሁት! ያ መስኮት ላይ ስንት ዓመት ተቀመጥኩ። እዚህ የተቀጣጠረ ሰው ሁሉ ሲዞር ነው የሚውለው። ሌላው ሁለት ሦስቴ ዞሮ፣ ተራግሞ ይሄዳል። አንተ እያነከስክ እንኳ አልሄድክም። ልጄን የሰጠሁህ ለዚያ ነው» አሉኝ። ታዲያ ያ ሁሉ የጸሎት ነገርስ ብላቸው፣ «ግራዝማችን የሚያህል ሰው ቤቴ መጥቶ፣ ጠፍተው ነው የዘገዩት ልበለው?» አሉ።

እጃቸውን ሳምኩ። ያን ያህል ወድጃቸው አላውቅም። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህን ሁሉ እያወቁ እኔን ለምንድን ነው በየእሑዱ የሚያዞሩኝ? ጠየቅኋቸው።

አማቼ ዓይናቸውን አፈጠጡ። «እኔ? አንተ እኮ ነህ የምታንኳኳው! እኔ አንድ ቀን እሳለማለሁ ብል፣ ልጁ ለመደው፣ ወደደው፣ እምቢ ብለው ያዝናል እያልኩ ነው የምወጣው። ጉልበቴ ካለቀ ስንት ጊዜው!» አሉ። እኔም የማንኳኳው እሳቸው ያዝናሉ ብዬ መሆኑን ነገርኳቸው። ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያኑን ቀና ብለን አየነው። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም ዙሪያውን ሳንገናኝ ስንከታተል ነበርና።

በዚያው ተስማማን፤ በሚቀጥለው እሑድ እሳቸውም ቤታቸው፣ እኔም ቤቴ፣ ሁለታችንም እስኪበቃን እንተኛ አልን። ተኛን። እንዴት ያለ እንቅልፍ ነበር!

ረፋዱ ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። በሕይወት ቆሜ ሲያዩኝ እንባቸውን ጠረግ አደረጉ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ፣ «አንዳችሁ ባይሞት እሑድ አትቀሩም፤ እንግዲያ አባትየው ናቸዋ!» ብለው ጮኹና ወደ አማቼ ቤት ገሰገሱ። ቆይ እማሆይ፣ ማንም አልሞተም እያልኩ በባዶ እግሬ ብከተላቸው፣ ቀድመውኝ ማዕዘኑን ታጠፉ።